ዜሮ ነጥብ ሦስት

በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ፣ በግጥም መድበሎቹና በግድግዳው መካከል፣ አንዲት ቡናማ ጠርሙስ አለች። ቁመቷ ከመሐል ጣቴ እምብዛም አይበልጥም። ሠላሳ ሚሊ ሊትር ትይዛለች፤ ግማሽ ያህል ዘይት ቀርቶባታል። አቧራ ስጠርግ አነሣትና መልሼ አስቀምጣታለሁ። ልጥላት እያልሁ ዓመታት አልፈዋል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከመስኮት ጀርባ ቆሜ ገንዘብ እቀበላለሁ፣ ገንዘብ እከፍላለሁ። የመቶ ዶላር ኖት ሲሰጡኝ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ በውስጡ የተሰወረውን ምስል እፈልጋለሁ፤ ሰማያዊውን ጥብጣብ አገላብጣለሁ፤ ወረቀቱን በጣቴ እዳብሳለሁ። በቼክ ላይ በአኃዝ የተጻፈውና በፊደል የተጻፈው ካልተስማሙ እመልሳለሁ። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም። የማላውቀውን ሰው ገንዘብ እንዲህ የምመረምር ሴት ለገዛ ወንድሜ የሰጠሁትን ጠርሙስ ሳላነብ እንደ ሰጠሁት ለመናገር ነው። ኧረ እንዲያውም አንብቤዋለሁ። ማንበቤ ነው ጉዱ።

ወንድሜ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። ደብተሬን የገዛ፣ ጫማዬን የገዛ፣ ዲግሪዬን እስክይዝ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። እዚህ አገር መጥቶ መጀመሪያ ታክሲ ነዳ፤ ኋላም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር የሚጓዝ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ ያዘ። ከእኛ ሰው በዚህ ሥራ ላይ ያለውን ብዛት አሜሪካ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። መኪናው ከነጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ ወደ 36 ቶን ማለት ነው። ሕጉ በአንድ ፈረቃ አሥራ አንድ ሰዓት መንዳት ይፈቅዳል፤ ያ አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ ጉልበቱንና ወገቡን በላው። ማታ ከመንገድ ሲደውልልኝ ከሰላምታው አስቀድሞ የምሰማው ከመቀመጫው ሲነሣ የሚያወጣትን «እህህ» ነበር።

ለ2023 ገና ስጦታ ፍለጋ ከባንካችን ሁለት ደጃፍ አልፎ ወዳለው ሱቅ ገባሁ። (ዓመቶቹን እንደ አገሩ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሻጯ ትሑት ልጅ ነበረች። ሄምፕና ማሪዋና የአንድ ተክል፣ የካናቢስ፣ ልጆች እንደ ሆኑ፣ ልዩነታቸው ቲኤችሲ የተባለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር መጠን ብቻ እንደ ሆነ፣ ከሄምፕ የሚወጣው ሲቢዲ ግን እንደማያሰክር አስረዳችኝ። አልዋሸችም። በታኅሣሥ 2018 የጸደቀው የአሜሪካ የግብርና ሕግም ያለው ይህንኑ ነው፦ በደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ዴልታ 9 ቲኤችሲ ያለበት ካናቢስ ሄምፕ ይባላል፤ ሄምፕም ከተከለከሉት ዕፆች መዝገብ ወጥቷል። በጠርሙሱ ላይም «ከ0.3 በመቶ በታች» የሚል በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር።

በገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠርሙሱን አገላበጠው።

«ይሄ ነገር ለእኛ ለሾፌሮች ይፈቀዳል እንዴ?»

«ሕጋዊ ነው ጋሼ። ተመልከተው፤ ከዜሮ ነጥብ ሦስት በመቶ በታች ይላል። ምንም ማለት እኮ አይደለም።»

«አንቺ ካነበብሽው ይበቃኛል» አለኝና ኪሱ ከተተው።

ማታ ማታ፣ መኪናውን አቁሞ ከመተኛቱ በፊት፣ ሁለት መንጠብጠቢያ ሙሉ ከምላሱ ሥር ያደርግ ጀመር። አንዷ ጠርሙስ አሥራ አምስት ቀን ትበቃዋለች። ሱቁ ለእኔ ቅርብ ስለ ነበር ስታልቅበት የምገዛለት እኔ ነበርሁ። አምስት ጊዜ ገዛሁ። መደርደሪያዬ ላይ ያለችው አምስተኛዋ ናት።

በመጋቢት 2023 አጋማሽ፣ ዐቢይ ጾም ላይ፣ ስሙ ለሽንት ምርመራ ወጣ። የዚህ አገር ከባድ መኪና ነጂ ሁሉ በዕጣ ይጠራል፤ ኮምፒዩተር ስም ያወጣል፣ የተጠራውም ሳይውል ሳያድር ይሄዳል። ጋሼ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ተጠርቶ ያውቃል። ያን ዕለት ማታ እየሳቀ ነው ሥርዐቱን የተረከልኝ፦ ኪስህን አራግፍ ይሉሃል፤ የመጸዳጃ ገንዳው ውኃ ቀድተህ እንዳትቀላቅል ሰማያዊ ቀለም ተነክሮበታል፤ ሙቀቱ በአራት ደቂቃ ውስጥ ይነበባል፤ ከዚያ ፊትህ በሁለት ጠርሙስ ይከፈልና ይታሸጋል፣ አንተም ትፈርማለህ። «እንደ እናንተ ባንክ ናቸው፤ ሳይፈራረሙ ምንም አይቀባበሉም» አለኝ።

ከአምስት ቀን በኋላ ኦሃዮ ውስጥ ነዳጅ ለመቅዳት በቆመበት አንድ ሐኪም ደወለለት። የላቦራቶሪን ውጤት የሚገመግም ሐኪም ነው። ማሪዋና እንደ ተገኘበት ነገረውና ምክንያት ካለው እንዲያስረዳ ጠየቀው። ወንድሜ ሲጋራ እንኳ አጭሶ አያውቅም። መጀመሪያ ሰው ተሳስተዋል አለ። ቆይቶ ዘይቱ ትዝ አለው፤ ስለ ዘይቱ ተናገረ። ሐኪሙ በጽሞና ሰማውና የሲቢዲ ዘይት መውሰድ ለዚህ ውጤት የሕክምና ምክንያት ሆኖ እንደማይቆጠር ነገረው። በዚያው ሰዓት ከመሪው ወረደ። ኩባንያው መኪናውን የሚወስድ ሌላ ሾፌር ላከ፤ ጋሼ በአውቶቡስ ተመለሰ። ከጣቢያው የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ሻንጣውን ከእጁ ልቀበለው ስል አልሰጥህ አለኝ።

ሐኪሙ ጨካኝ ሆኖ አልነበረም። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በየካቲት 18 ቀን 2020 ያወጣው ማስታወቂያ ያዘዘውን ነው የፈጸመው። ያን ማስታወቂያ ያነበብሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ነበር። የሚለው ግልጽ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚመረምረው ማሪዋናን እንጂ ሲቢዲን አይደለም፤ ነገር ግን ሲቢዲ ተብለው የሚሸጡ ብዙ ምርቶች በጽሑፋቸው ከሚሉት በላይ ቲኤችሲ ሊኖራቸው ይችላል፤ ላቦራቶሪ ያረጋገጠው ውጤት ሠራተኛው የወሰድሁት ሲቢዲ ብቻ ነው ቢልም ይጸናል። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ዐዋቂ ሰው ጥቂት ማሪዋና ቢይዝ አትከስም፤ ይህ ግን በፌዴራሉ ደንብ የሚመረመርን የከባድ መኪና ነጂ አያድነውም።

ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ግጥም መጻፌን ትቼ ስለ ሽንት ማንበብ ጀመርሁ።

ምርመራው ቲኤችሲን ራሱን አይፈልግም። ጉበት ቲኤችሲን ሰባብሮ የሚሠራውን አንድ አሲድ ነው የሚፈልገው። ይህ አሲድ አያሰክርም። ቲኤችሲ ግን ስብ ወዳድ ነው፤ በሰውነት ስብ ውስጥ ይሸሸግና በየቀኑ በሚጨመርለት እየተጠራቀመ ቀስ እያለ ይወጣል። አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው በጥቂት ቀን ሊጠራ ይችላል፤ በየማታው የወሰደ ግን ለሳምንታት ይዞት ይዞራል። የመጀመሪያው ማጣሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ 50 ናኖግራም ሲደርስ ይጮኻል፤ ሁለተኛው ማረጋገጫ 15 ይበቃዋል። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። እንግዲህ ምርመራው ወንድሜ በመሪው ላይ ሳለ አእምሮው እንዴት እንደ ነበር አልተናገረም፤ በሰውነቱ ምን እንዳለፈ ብቻ ነው የተናገረው።

እናታችን የጾም ዋዜማ ድስቱንና ማማሰያውን ሁሉ በአመድ ፈትጋ ታጥብ ነበር። ቅቤ የነካ ማማሰያ የጾሙን ሽሮ ያስገድፋል ትላለች። ልጅ ሆነን «ይህቺ ምን ታደርጋለች?» ብለን እንስቅባት ነበር። ላቦራቶሪውም እንደ እናቴ ነው፤ ቅቤው ቢጣፍጥህም ባይጣፍጥህም፣ ብታውቀውም ባታውቀውም፣ ከማማሰያው ላይ ያገኘዋል።

ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያቃጠለኝ ሒሳቡ ነው። አንድ ማታ ከሥራ መልስ ጠርሙሷን ፊቴ አቁሜ እስክሪብቶ አነሣሁ። 0.3 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ የባንክ ሰው ደግሞ ከመቶ በታች ያለ ክፍልፋይ እንዴት እንደሚጠራቀም ከማንም ይልቅ ማወቅ ነበረበት። ሠላሳ ሚሊ ሊትር ዘይት ወደ 28 ግራም ይመዝናል። የ28 ግራም 0.3 በመቶ 84 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ ጠርሙሷ ከሕጉ ሳትወጣ እስከ 84 ሚሊግራም ቲኤችሲ ልትይዝ ትችላለች። በአሥራ አምስት ሌሊት ሲካፈል በየሌሊቱ አምስት ሚሊግራም ከግማሽ ይሆናል። በኮሎራዶ በሕግ ለመዝናኛ በሚሸጠው ማሪዋና ያለበት ምግብ ውስጥ ለአንድ ጊዜ ከሚበላው የማይበልጠው ልክ 10 ሚሊግራም ነው። እኔ «ምንም ማለት አይደለም» ብዬ የሰጠሁት የዚያን ግማሽ ሊያህል ይችል ነበር፤ በየሌሊቱ፣ ከስልሳ ሌሊት በላይ። መቶኛው ለደረቅ ተክል የወጣ መለኪያ ነው፤ ገበሬው ማሳው ላይ የበቀለው ሄምፕ ይሁን ማሪዋና እንዲለይበት። ወደ ጠርሙስ ሲዛወር ግን የሚያጽናና ቃል ሆነ። ቅኔ እወዳለሁ ባይ ነኝ፤ ከ«ዜሮ ነጥብ ሦስት» ግን ሰሙን ብቻ ይዤ ሄድሁ።

ይህ ደግሞ ጽሑፉ እውነት ሲሆን ነው። በ2017 ተመራማሪዎች ከኢንተርኔት ገበያ 84 የሲቢዲ ምርቶች ገዝተው ቢመረምሩ፣ የሲቢዲው መጠን ከጽሑፉ ጋር የተስማማው በ26ቱ ብቻ ነበር፤ በ18ቱ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኘ። በ2020 የወጣ ሌላ አነስተኛ ጥናት ሙሉ የሄምፕ ተዋጽኦ ያለበትን ዘይት ለአራት ሳምንት የወሰዱ 14 ሕሙማንን ሽንት መርምሮ የ7ቱን ለቲኤችሲ ፖዚቲቭ አገኘ። በጆንስ ሆፕኪንስ የተደረገ ጥናት በበኩሉ ንጹሕ ሲቢዲ የወሰዱት ሰዎች ሽንት ንጹሕ ሆኖ እንደ ቆየ፣ ጥቂት ቲኤችሲ ያለበትን ባለ ብዙ ሲቢዲ ተክል በትነት ከሳቡት ስድስት ሰዎች ግን ሁለቱ እንደ ተያዙ አሳይቷል። ጥፋተኛው ሲቢዲ አይደለም፤ አብሮት የተሳፈረው ነው። ጠርሙሱን የሚገዛ ሰው ደግሞ ማን እንደ ተሳፈረ የሚያይበት ዓይን የለውም። በየሱቁ የተደረደረው ዴልታ 8 የተባለው ከዚህም የባሰ ነው፤ ከሲቢዲ በአሲድ ተቀምሞ የሚሠራ፣ በቁጥር ብቻ ስሙን የለወጠ ቲኤችሲ ነው፤ የመጀመሪያው ማጣሪያም ከወንድሙ ለይቶ አያየውም።

ጋሼ ብቻውን እንዳልሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ዳግላስ ሆርን የሚባል አሜሪካዊ የከባድ መኪና ነጂ በ2012 ከደረሰበት አደጋ የተረፈውን ሕመም ለማስታገሥ፣ ቲኤችሲ የለበትም ተብሎ የተሸጠ የሲቢዲ መድኃኒት ወሰደ። በዕጣ ተጠራ፤ ተገኘበት፤ ተባረረ። እሱ ግን ዝም አላለም። መድኃኒቱን ላቦራቶሪ ልኮ አስመረመረና ቲኤችሲ ሲገኝበት ሻጮቹን ከሰሰ። ክሱ ከችሎት ችሎት ሲንከባለል ኖሮ ሚያዝያ 2 ቀን 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደለት። ልብ በሉ፤ ካሣውን አልሰጠውም፤ የመክሰስ መብቱን ነው ያጸናለት። ለዚያች መብት ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ። ፍርዱን ለጋሼ ሳነብለት «ጎበዝ ሰው ነው» አለና ዝም አለ። እሱ እንዲከስ ብለምነውም እሺ አላለም። ማንን ልክሰስ? ሲል፣ ማንን ብሎ ሊጠራ እንደሚችል አውቅ ነበርና ዳግመኛ አላነሣሁበትም።

ስሙ ክሊሪንግሃውስ ወደተባለው የፌዴራል መዝገብ ገባ። በእኛ ሥራ ክሊሪንግ ማለት ባንኮች የቼክ ዕዳቸውን የሚያጣጡበት ነው፤ ሒሳቡ በቀኑ ተዘግቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሾፌሮቹ ክሊሪንግሃውስ፣ ከጥር 2020 ጀምሮ የሚሠራው፣ እንዲያ አይዘጋም። የጋሼ መስመር ቢያንስ እስከ 2028 ይቆያል፤ ሊቀጥረው የሚያስብ ኩባንያ ሁሉ ከፍቶ ያየዋል። የሚያየውም «ዘይት» የሚል ቃል አይደለም።

ወደ መሪው ለመመለስ ሱስን የሚመረምር ባለሙያ ፊት ቀርቦ መመርመር፣ ያዘዘለትን ትምህርት መጨረስ፣ ከዚያም ሌላ የሽንት ምርመራ ማለፍ ነበረበት። ያ ምርመራ ሰው ቆሞ እያየ የሚደረግ ነው። ሃምሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ በሰንበቴ ማኅበሩ ሰው የሚያስታርቅ ወንድሜ፣ ከዚያ የተመለሰ ዕለት ስለ ገንዳውም ስለ ማሸጊያውም አልተረከልኝም። እራት አቅርቤለት በልቶ ተነሣ።

ሐሜቱ መቼም አይቀርም። «ሐሺሽ ተገኘበት አሉ» የሚለውን ከአንዲት ደንበኛ አፍ፣ እዚያው መስኮቴ ላይ፣ የማን እኅት እንደ ሆንሁ ሳታውቅ ስትነግረኝ ሰማሁ። ብሯን ቆጥሬ ሰጠኋት። መልስ ነበረኝ፤ መልሱ ግን «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ከሚለው ይጀምራልና አልወጣልኝም።

ጋሼ ለማንም አልተናገረም። ለሐኪሙም ለባለሙያውም ለአለቃውም «ራሴ ገዛሁት» ነው ያለው። ይህን ያወቅሁት ደብዳቤውን ልተረጉምለት ስል ነው፤ «ከአንድ ሱቅ እንደ ገዛ ገልጿል» ይላል። ቀና ብዬ አየሁት። «ታዲያ ምን ልበል? የባንክ ሠራተኛ እኅቴ አንብባ ነው የሰጠችኝ ልበል?» አለኝ። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በሕጉ ላይ ተቆጥቼ ብዙ የተናገርሁበት ምሽትም ነበር። በአንዲት ጠብታ ሰው እንዲህ ይዋረዳል? አልሁ። ጋሼ ነው ያቆመኝ። «36 ቶን ነው የምነዳው። ፊት ለፊቴ ያለችው ትንሽ መኪና ውስጥ አንቺ ብትሆኚስ?» አለ። እሱ ከሕጉ ጋር ታርቋል፤ እኔ ግን ከሱቁ ጋር አልታረቅሁም። ኅዳር 12 ቀን 2025 በተፈረመ ሕግ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጸና ሆኖ፣ ለተጠቃሚ የሚሸጥ የሄምፕ ምርት በአንድ ዕቃ ውስጥ በጠቅላላው ከ0.4 ሚሊግራም በላይ ቲኤችሲ ካለበት ሄምፕ መባሉ እንዲቀር ተደነገገ። እስክሪብቶዬን መልሼ አነሣሁ፦ ሰማንያ አራት ሲካፈል ለዜሮ ነጥብ አራት፣ ሁለት መቶ አሥር። በአሮጌው ሕግ ፍጹም ንጹሕ የነበረች ጠርሙስ በአዲሱ እስከ ሁለት መቶ አሥር እጥፍ አልፋ ልትገኝ ትችላለች ማለት ነው።

ጋሼ በስድስት ወሩ አንድ አነስተኛ ኩባንያ ተቀብሎት እንደገና መሪ ያዘ። በመጀመሪያው ዓመት ድንገተኛ የሆኑ ስድስት ምርመራዎች ተደረጉለት፤ ሁሉንም አለፈ። ስልኬ በጠራ ቁጥር ግን የመጀመሪያዋን «እህህ» እስክሰማ ድረስ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ደሴ ላለችው እናታችን ያን ስድስት ወር «ጉልበቴን እያሳከምሁ ነው» ብሏት ነበር። እናቴ ደግሞ የልጇ ጉልበት እንቅልፍ ነሥቷት ኖሮ፣ ባለፈው ፋሲካ ከመጣ ሰው ጋር የጥቁር አዝሙድ ዘይት ላከችለት። ራሷ አስጨምቃ፣ በውኃ መያዣ ፕላስቲክ አድርጋ፣ አፉን በላስቲክ ጠቅልላ በክር አስራዋለች። ጋሼ ክሩን ሳይፈታ ፕላስቲኩን በመስኮቱ ብርሃን አቅጣጫ ከፍ አድርጎ አየው፤ ልክ እኔ ኖት እንደማየው። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋልኝ።

«እስቲ አንብቢልኝ» አለኝ።

ተቀበልሁት። አገላበጥሁት። ምንም አልተጻፈበትም።